«ይህ ወተት የማን ላም ነው?» - የቻይና የወተት ገበያና ለእኛ ቤት ያለው ትምህርት

ባለፈው ሰሞን በሰፈራችን ሱፐር ውስጥ አንዲት የማውቃቸው እናት የወተት ካርቶን በእጃቸው ይዘው ቆመው አገኘኋቸው። ሰላም ከተባባልን በኋላ ካርቶኑን ወደ እኔ ዘርግተው «ልጄ፣ እስቲ ቀኑን አንብቢልኝ፤ አልፎበት እንዳይሆን» አሉኝ። «ገና ነው እማማ፣ ይውሰዱት» አልኳቸው። እሳቸው ግን ካርቶኑን እያገላበጡ «እኛ አገር ወተት ስንጠጣ የየትኛዋ ላም እንደሆነ እናውቅ ነበር። አሁን ይህ የማን ላም ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ተሳስቀን ተለያየን።

ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። እሳቸው የያዙት የተኑቫ ወተት ነበር። ላሚቱ ያለችው እዚሁ እስራኤል ውስጥ፣ በአንድ ኪቡጽ ወይም ሞሻቭ በረት ነው። የተኑቫን አብላጫ ድርሻ በ2015 የገዛው ግን ብራይት ፉድ የሚባል የሻንጋይ ከተማ መንግሥት ኩባንያ ነው። እንግዲህ የእማማን ጥያቄ በቅንነት ለመመለስ የሚፈልግ ሰው ሳይወድ በግድ ቻይና ድረስ መሄድ አለበት ማለት ነው።

ቻይና ደግሞ ስለ ወተት ለመማር ጥሩ ቦታ ናት። ባለፉት ሃያ ዓመታት ውስጥ ያች አገር በወተት ምክንያት ልጆቿን ቀብራለች፣ ባለሥልጣኖቿን ከሥልጣን አውርዳለች፣ የሩቅ አገር ገበሬዎችን አበልጽጋለች፣ በመጨረሻም ወተቱ ተትረፍርፎባት የምትሸጥለት አጥታለች። በዚህ ጽሑፍ ይህ ሁሉ እንዴት እንደሆነ በቅደም ተከተል ለማስረዳት እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ ይሏል።

ወተት የማያውቅ አገር

እንደሚታወቀው ቻይናውያን ከጥንት ጀምሮ ወተት የመጠጣት ልማድ አልነበራቸውም። እንደ ሞንጎሊያና ቲቤት ባሉ አካባቢዎች ከሚኖሩ ከብት አርቢዎች በስተቀር፣ አብዛኛው ሕዝብ ከአኩሪ አተር የሚሠራ መጠጥ ነበር የሚያውቀው። ብዙው ጎልማሳ ጥሬ ወተት ሲጠጣ ሆዱን ይነፋዋል። ነገር ግን ኢኮኖሚው ሲያድግ ወተት የዘመናዊነትና የጤንነት ምልክት ሆነ። በ2006 የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ዌን ጂያባኦ እያንዳንዱ ቻይናዊ፣ በተለይም ሕፃናት፣ በየቀኑ በቂ ወተት የሚያገኙበትን ጊዜ እንደሚመኙ በይፋ ተናገሩ። በውስጥ ሞንጎሊያ ክፍለ አገር ዋና ከተማ በሆህሆት የሚገኙት ዪሊና ሜንግኒዩ የሚባሉ ሁለት ኩባንያዎች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግዙፍ ሆኑ።

ችግሩ ፋብሪካው ከላሟ ቀድሞ ማደጉ ነበር። በዚያን ጊዜ አብዛኛው ወተት የሚመጣው ሁለት ሦስት፣ ቢበዛ አሥር ላሞች ካሏቸው ገበሬዎች ነው። ገበሬው ወተቱን በቀጥታ ለፋብሪካ አያስረክብም፤ ላሞቹን እየነዳ ወደ ወተት መሰብሰቢያ ጣቢያ ይወስዳል። ጣቢያው የነጋዴ ነው። ነጋዴው የብዙ ሰው ወተት በአንድ በርሜል ቀላቅሎ ለፋብሪካው ይሸጣል። ፋብሪካዎቹ ደግሞ ገበያ ለመሻማት ወተቱን እርስ በርስ እየተናጠቁ በርካሽ ይገዙ ስለነበር፣ የመኖ ዋጋ ሲወደድ ገበሬውም ነጋዴውም ከሰሩ። ያን ጊዜ ነው ውሃ መጨመር የተጀመረው።

ወተት ላይ ውሃ መጨመር የጥንት ሌብነት ነው። ሆኖም ፋብሪካው ወተቱን ሲመረምር የፕሮቲኑ መጠን አንሶ ይገኛል። ምርመራው ግን ፕሮቲኑን ራሱን አይቆጥርም፤ በወተቱ ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን የሚባለውን ንጥረ ነገር ለክቶ ከዚያ ተነሥቶ ፕሮቲኑን ያሰላል። ይህን ቀዳዳ ያወቁ ሰዎች ሜላሚን የሚባል ፕላስቲክና ሳህን የሚሠራበት ኬሚካል ጨመሩበት። የሜላሚን ሁለት ሦስተኛው ናይትሮጅን ነው። ውሃ የበዛበት ወተት በወረቀት ላይ «ጥሩ ወተት» ሆኖ አለፈ። ወረቀቱ አለፈ እንጂ ሕፃናቱ አላለፉም፤ ሜላሚን በጨቅላ ኩላሊት ውስጥ ጠጠር ይሠራል።

የ2008ቱ በጋ

ሳንሉ ይባል የነበረው ኩባንያ መቀመጫው በሄቤይ ክፍለ አገር በሺጂያዙዋንግ ከተማ ነበር። የሕፃናት የዱቄት ወተቱ በአገሪቱ በብዛት ከሚሸጡት አንዱ ሲሆን፣ ዋጋው ርካሽ ስለነበር በተለይ የገጠር ቤተሰብ ይወደው ነበር። 43 በመቶው ድርሻ ደግሞ ፎንቴራ የሚባለው የኒውዚላንድ ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበር ነበር። ከ2007 መጨረሻ ጀምሮ ወላጆች የልጆቻቸው ሽንት ተበላሸ እያሉ አቤቱታ ያቀርቡ ነበር። እንደ ጋንሱ ባሉ ድሀ ክፍለ አገሮች የሚሠሩ ሐኪሞችም በጨቅላ ሕፃናት ላይ ታይቶ የማይታወቅ የኩላሊት ጠጠር እያዩ ይገረሙ ነበር።

ኩባንያው ወተቱ እንደተመረዘ በኦገስት 2008 መጀመሪያ በራሱ ምርመራ አረጋገጠ። ፎንቴራም በኦገስት 2 ተነገረው። ነገር ግን በኦገስት 8 የቤጂንግ ኦሎምፒክ ሊከፈት ነበርና፣ የከተማው ባለሥልጣናት ነገሩን ለበላይ ሳያስተላልፉ ቆዩ። ጉዳዩ ለሕዝብ የተነገረው በሴፕቴምበር 11 ነው፤ ያውም የወቅቷ የኒውዚላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሄለን ክላርክ መንግሥታቸው በቀጥታ ለቤጂንግ እንዲናገር ካደረጉ በኋላ። በእነዚያ አርባ ቀናት ውስጥ በየመንደሩ ያሉ እናቶች ጡጦውን እየሞሉ ለልጆቻቸው ይሰጡ ነበር።

ጉዳቱ እንደሚከተለው ተመዘገበ። ወደ 300 ሺህ የሚጠጉ ሕፃናት ታመሙ፣ ከ50 ሺህ በላይ የሚሆኑት ሆስፒታል ተኙ፣ 6 ሕፃናት ሞቱ። ሲመረመር ደግሞ ችግሩ የሳንሉ ብቻ አልነበረም፤ የ22 ኩባንያዎች የሕፃናት ዱቄት ሜላሚን ተገኘበት። ቀጥሎ ፈሳሽ ወተት ሲመረመር ዪሊ፣ ሜንግኒዩና ብራይት የሚባሉት ታላላቅ ስሞችም ወጡ። የምርት ጥራት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኃላፊ ሥራቸውን ለቀቁ። የሳንሉ ሊቀመንበር ቲያን ዌንሁዋ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው። መርዙን በማምረትና በመሸጥ የተከሰሱ ሁለት ሰዎች በኖቬምበር 2009 በሞት ተቀጡ። ሳንሉም ከሰረ።

ለቤተሰቦቹ የተሰጠው ካሣ ይህን ይመስላል፦ ልጁ ለሞተበት 200 ሺህ ዩዋን፣ በጽኑ ለታመመበት 30 ሺህ፣ ቀለል ላለ ሕመም 2 ሺህ ዩዋን፤ ይኸውም በጊዜው ከ300 ዶላር ያነሰ ነው። ይህ አያንስም ወይ ብለው የተነሡ ወላጆች ነበሩ። ልጁ የታመመበት ዣኦ ሊያንሃይ የሚባል አባት ሌሎች ወላጆችን እያሰባሰበ መረጃ ስላካፈለ በ2010 «ሁከት ቀስቅሰሃል» ተብሎ ሁለት ዓመት ተኩል ተፈረደበት። ልብ በሉ፤ መርዙን የደበቁ ባለሥልጣናት የተቀጡበት አገር፣ መርዙን የገለጠውንም አባት ቀጣ።

እኛስ?

ይህን ስታነቡ «እዚያ ቻይና ነው» የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። እኔ ግን 2003 ዓ.ም. ትዝ ይለኛል። ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ። በኖቬምበር ወር ሬሜዲያ የሚባለው የእስራኤል ድርጅት የሚሸጠው፣ በጀርመን አገር የተሠራው ከአኩሪ አተር የተዘጋጀ የሕፃናት ምግብ ቫይታሚን ቢ1 እንደሌለበት ታወቀ። ሕፃናት ሞቱ፤ ሌሎች ደግሞ ለዕድሜ ልክ የአእምሮና የአካል ጉዳት ተዳረጉ። እዚህም የጠፋው ነገር በቁጥር የሚለካ ንጥረ ነገር ነበር፤ እዚህም ወረቀቱ «አለበት» ይል ነበር፤ እዚህም እናቶቹ ያመኑት ወረቀቱን ነው። ፍርድ ቤት ከድርጅቱ ኃላፊዎች አንዱን ጥፋተኛ ብሎ የእስራት ፍርድ የሰጠው ከዘጠኝ ዓመት በላይ ቆይቶ በ2013 ነው።

በዚያ ሳምንት ራዲዮውም ቴሌቪዥኑም በዕብራይስጥ ጮኸ። በምኖርበት ሕንፃ ውስጥ ሁለት አራስ እናቶች ነበሩ፤ ሁለቱም ከመጡ ገና ዓመት አልሞላቸውም። አንደኛዋ ቤት ስገባ ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል፣ የቆርቆሮው ሥዕል በስክሪኑ ላይ ይታያል፣ እሷ ግን ማስታወቂያ መስሏት ነበር። ከመደርደሪያዋ ላይ ያለውን ቆርቆሮ አውርጄ ሳየው ሌላ ዓይነት ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሆኖም «ይህ ማስታወቂያ ነው ብዬ ልገዛው ነበር» ያለችኝ ቃል እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። ማኅበራዊ ሠራተኛ የሆንኩት በዚህ ምክንያት ነው ብል ማጋነን ይሆናል፤ ግን ከማይረሱኝ ነገሮች አንዱ ነው።

የጋንሱ ገበሬና የእኛ አዲስ መጪ እናት የሚመሳሰሉበት ነገር አለ። ሁለቱም ርካሹን ቆርቆሮ ይገዛሉ። ሁለቱም በቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን በሚገባ አያነቡም፤ አንዱ ስላልተማረ፣ ሌላዋ ቋንቋው ስላልገባት። በቻይና ገጠር እናትና አባት ለሥራ ወደ ከተማ ሲሄዱ ሕፃኑ ከአያቱ ጋር ስለሚቀር፣ አያቲቱ ጡት የላትምና ጡጦ የግድ ይሆናል። እዚህም በሰባት ሰዓት ፈረቃ የምትገባ የጽዳት ሠራተኛ እናት ልጇን ማጥባት ብትፈልግ እንኳ ጊዜው አይሰጣትም። ወተቱን ያበላሸው ነጋዴው ነው፤ ነገር ግን ጉዳቱ የሚያርፈው ሁልጊዜ አማራጭ በሌለው ሰው ላይ ነው።

እምነት ሲጠፋ ገበያው ወዴት ሄደ?

ከ2008 በኋላ አቅሙ ያለው ቻይናዊ ወላጅ የአገሩን ዱቄት መግዛት ተወ። የውጭ ቆርቆሮ ፍለጋ ተጀመረ። ከዋናው ምድር የሚመጡ ሰዎች የሆንግ ኮንግን ሱቆች ባዶ ስላደረጉ፣ የሆንግ ኮንግ አስተዳደር በማርች 2013 ከግዛቱ የሚወጣ አንድ ሰው ከሁለት ቆርቆሮ በላይ የሕፃናት ዱቄት እንዳይዝ ሕግ አወጣ፤ ቅጣቱ እስከ ሁለት ዓመት እስራት ይደርሳል። በአውስትራሊያና በአውሮፓ ያሉ ሱቆችም ለአንድ ሰው የሚሸጡትን ቆርቆሮ ቆጥረው መስጠት ጀመሩ። ዱቄት ወተት እንደ ወርቅ በሻንጣ ተጓዘ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የተጠቀመችው ኒውዚላንድ ናት። ከቻይና ጋር የነፃ ንግድ ስምምነት የፈረመችው በ2008 ነበር፤ ስምምነቱ በሥራ ላይ የዋለው በዚያው ዓመት በኦክቶበር፣ ልክ የሜላሚኑ ወሬ በተሰማ ማግስት ነው። ቀረጡ በየዓመቱ እየቀነሰ ሄዶ በጃንዋሪ 2024 ለሁሉም የኒውዚላንድ የወተት ውጤቶች በሩ ሙሉ በሙሉ ተከፈተ። በመካከሉ ግን የውጭውም እምነት ተፈተነ። በኦገስት 2013 ፎንቴራ በአንድ የአጓት ዱቄት ውስጥ አደገኛ ባክቴሪያ ሳይኖር አይቀርም ብሎ አስታወቀ፤ ቻይናም ዕቃውን አገደች። ቆይቶ ሲጣራ ስህተት ሆኖ ተገኘ። በዚያው ወር ደግሞ የቻይና መንግሥት ዋጋ አስወድዳችኋል ብሎ ስድስት የዱቄት ወተት ኩባንያዎችን፣ አብዛኞቹን የውጭ፣ ወደ 670 ሚሊዮን ዩዋን ቀጣ።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። እምነት የአገር ዕቃ አይደለም፤ የውጭ ስለሆነ ንጹሕ፣ የአገር ስለሆነ ቆሻሻ የሚባል ነገር የለም። እምነትን የሚጠብቀው የሚመረምር፣ ሲያገኝም ሳይፈራ የሚናገር ሰው መኖሩ ነው።

ትልልቆቹ በረቶች

ቤጂንግ ወተትን የብሔራዊ ክብር ጉዳይ አደረገችው። በ2009 አዲስ የምግብ ደኅንነት ሕግ ወጣ፤ በ2015 ተጠናከረ። ከ2018 ጀምሮ አንድ የሕፃናት ዱቄት ፋብሪካ ከዘጠኝ የቅመም ዓይነት በላይ እንዳይሠራ፣ እያንዳንዱም በመንግሥት እንዲመዘገብ ተደረገ። ትናንሽ ነጋዴዎች የያዟቸው መሰብሰቢያ ጣቢያዎች ተዘጉ ወይም በቁጥጥር ሥር ሆኑ።

ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ግን የላሞቹ ቤት መለወጡ ነው። ሁለት ሦስት ላም ያለው ገበሬ ከገበያ ወጣ። በምትኩ በሺህ የሚቆጠሩ፣ አንዳንድ ቦታም በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ላሞች በአንድ ግቢ የሚታለቡባቸው በረቶች ተሠሩ። ዛሬ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት የቻይና የወተት ላሞች መቶና ከዚያ በላይ ላም ባላቸው እርባታዎች ውስጥ ናቸው። የአንዲት ላም የዓመት ምርትም በ2008 ከነበረው ከ5 ቶን በታች ተነሥቶ ከ9 ቶን በላይ ደርሷል። የእስራኤል ላም በዓመት ከ11 ሺህ ሊትር በላይ በመስጠት ከዓለም ግንባር ቀደም ስለሆነች፣ የእኛም አገር የበረት ዕውቀትና መሣሪያ ወደዚያ ተሽጧል።

ላሞቹ ከየት መጡ ቢባል፣ ከአውስትራሊያ፣ ከኒውዚላንድ፣ ከኡራጓይና ከቺሊ በመርከብ ተጭነው ነው። ይህም ዋጋ ነበረው። በሴፕቴምበር 2020 ከኒውዚላንድ ወደ ቻይና 6 ሺህ የሚጠጉ ላሞችን የጫነ አንድ መርከብ በጃፓን አጠገብ በማዕበል ሰጠመ፤ ከ43 ሠራተኞች መካከል በሕይወት የተረፉት ሁለት ብቻ ናቸው። ኒውዚላንድ ከ2023 ጀምሮ የቁም ከብት በባሕር መላክ ከልክላለች። መኖውም ቢሆን፣ ጥሩው ደረቅ የአልፋልፋ ሣር በብዛት የሚመጣው ከአሜሪካ ነው። የቻይና ወተት ቻይናዊ ሆነ ስንል፣ ላሟ ከአውስትራሊያ፣ ሣሩ ከአሜሪካ መሆኑን ማስታወስ ይገባል።

የሆነ ሆኖ ዕቅዱ ሠራ። በ2018 ወደ 31 ሚሊዮን ቶን የነበረው የላም ወተት ምርት በ2023 ወደ 42 ሚሊዮን ቶን ደረሰ። በአምስት ዓመት ውስጥ የተጨመረው ብቻ የብዙ አገሮች የዓመት ምርት ያህላል። የአገር ውስጥ የሕፃናት ዱቄትም ቀስ በቀስ ገበያውን መልሶ ያዘ፤ ፌይሄ የሚባለው ቻይናዊ ስም ከውጮቹ ሁሉ ቀድሞ አንደኛ ሆነ።

ወተቱ ሲተርፍ ልጅ ጠፋ

ይህ በእንዲህ እንዳለ ማንም በደንብ ያላሰበው ነገር መጣ። ጡጦ የሚጠባ ልጅ ቀነሰ። በ2016 በቻይና ወደ 18 ሚሊዮን ሕፃናት ተወልደው ነበር። በ2023 የተወለዱት ወደ 9 ሚሊዮን ናቸው፤ ግማሽ ማለት ነው። በ2024 በዘንዶው ዓመት መልካም ዕድል ምክንያት ትንሽ ከፍ ብሎ 9.5 ሚሊዮን ደረሰ እንጂ አቅጣጫው አልተለወጠም። አዋቂው ደግሞ ኢኮኖሚው ስለቀዘቀዘ ወተትን እንደ ትርፍ ነገር ቆጥሮ ቀነሰ። የአንድ ቻይናዊ የዓመት ፍጆታ 40 ኪሎ ገደማ ነው፤ የዓለምን አማካይ ግማሽ እንኳ አይሞላም።

ላም ግን እንደ ፋብሪካ ቁልፏ አይጠፋም። በ2019 የተወለደችው ጥጃ በ2022 ትታለባለች፤ የዛሬው ገበያ ይፈልጋት አይፈልጋት አትጠይቅም። በዚህም ምክንያት በ2021 በጋ በኪሎ ከ4 ዩዋን በላይ የነበረው የጥሬ ወተት ዋጋ በ2024 መጨረሻ ወደ 3 ዩዋን ገደማ ወረደ። ይህ ለብዙ እርባታ ከመኖው ዋጋ ጋር የማይመጣጠን ነው። ወተቱን የሚደፉ፣ ላሞቻቸውን ለሥጋ የሚሸጡ እርባታዎች በዙ። ፋብሪካዎቹ ደግሞ የተረፈውን ወተት እያደረቁ ዱቄት አድርገው በኪሳራ አከማቹ። በ2024 ምርቱ ራሱ ቀንሶ ወደ 41 ሚሊዮን ቶን ወረደ።

የቻይና ትርፍ ለሌላው አገር ኪሳራ ነው። በ2021 ከ800 ሺህ ቶን በላይ ሙሉ ቅባት ያለው የዱቄት ወተት ከውጭ ያስገባችው ቻይና፣ በ2023 ያስገባችው ግማሽ ያህሉን ነው። በኒውዚላንድ ሜዳ ላይ ላም የሚያግድ ገበሬ ቼኩ ያነሰው የሻንጋይ ሙሽሮች ልጅ መውለድ ስለተዉ ነው ቢሉት በመጀመሪያ ላያምን ይችላል፤ ነገሩ ግን እንደዚያ ነው።

መንግሥትም ዝም አላለም። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ለሚቆጠር ጊዜ፣ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ሁሉ በዓመት 3,600 ዩዋን ለወላጆች እንዲሰጥ ወሰነ። የዱቄት ወተት ኩባንያዎችም ለነፍሰ ጡር እናቶች ድጎማ እንሰጣለን ብለው ተነሡ። ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ ደግሞ ረጅም ጊዜ የሚቆይ የካርቶን ወተት ከጥሬ ወተት ብቻ እንዲሠራ፣ ዱቄት በውሃ በጥብጦ «ወተት» ብሎ መሸጥ እንዲቀር ታዘዘ። ይህ ለበላተኛው ጥሩ ነው፤ ለአገሩም ገበሬ ገበያ ይፈጥራል።

ወተትም የጦር መሣሪያ ሲሆን

ትርፍ ያለው አገር በር መዝጋት ይቀለዋል። በኦገስት 2024 የአውሮፓ ኅብረት በቻይና የኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ከፍተኛ ቀረጥ ሊጥል ሲዘጋጅ፣ ቻይና የአውሮፓ አይብና ክሬም በመንግሥት ድጎማ የረከሰ ነው ብላ ምርመራ ከፈተች፤ በዲሴምበር 2025ም ጊዜያዊ ቀረጥ ጣለች። በማርች 2025 ከአሜሪካ ጋር በገባችው የቀረጥ ፍልሚያ በአሜሪካ የወተት ውጤቶች ላይ 10 በመቶ ጨመረች፤ በኖቬምበር ሁለቱ ሲስማሙ ያን ጭማሪ አነሣች። እንግዲህ አንድ የፈረንሳይ አይብ ሠሪ ስለ መኪና ባትሪ ምንም ሳያውቅ በመኪና ምክንያት ገበያውን ያጣል ማለት ነው። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው እንደሚባለው ነው።

ወደ እማማ ጥያቄ ስንመለስ

ተኑቫን ያቋቋሙት የኪቡጽና የሞሻቭ ገበሬዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ነበር። በ2008 አብላጫው ድርሻ ኤፓክስ ለሚባል የእንግሊዝ የኢንቨስትመንት ድርጅት ተሸጠ። በ2011 በጋ የኮቴጅ ዋጋ ተወደደ ተብሎ ሕዝቡ በፌስቡክ ተጠራርቶ አልገዛም ያለበትን ጊዜ ሁላችንም እናስታውሳለን። ብራይት ፉድ ኩባንያውን ለመግዛት የተስማማው በ2014፣ የጨረሰው በ2015 ነው። የሻንጋዩ ኩባንያ ለምን ይህን ያህል ገንዘብ አወጣ ቢባል፣ እስካሁን ያነበባችሁት ታሪክ መልሱ ነው። የዚያች አገር ወተት ስሙ ጠፍቶ ነበርና፣ ዕውቀትና የታመነ ስም ያስፈልጋት ነበር።

በዚያን ጊዜ «ምግባችንን ለባዕድ ሸጥን» ብለው የተቃወሙ ብዙዎች ነበሩ። ሥጋታቸው ከንቱ አልነበረም፤ የአንድ አገር ወተት በሩቅ አገር መንግሥት እጅ መግባቱ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ወተቱ የሚታለበው እዚህ ነው፣ የሚመረምረውም የእስራኤል ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ነው፤ ስለዚህ ማንም እናት ቻይና የሚለውን ቃል ሰምታ መደንገጥ የለባትም። ሁለተኛ፣ የባለቤቱ ዜግነት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። በ1995 ተኑቫ ገና የገበሬዎቻችን ማኅበር ሳለ፣ ረጅም ጊዜ በሚቆየው ወተት ውስጥ አረፋ እንዳይበዛ ሲሊኮን መጨመሩ ተጋልጦ እስከ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ደርሷል። ሕዝቡ ያሸነፈው አንድ ጋዜጣ ስለጻፈና አንድ ሸማች ስለከሰሰ ነው። ዣኦ ሊያንሃይ ግን ያን በማድረጉ ታሰረ። በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት በበረቱ ውስጥ ሳይሆን እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ታዲያ ይህ መብት የሚጠቅመው ለሚጠቀምበት ነው። በሥራዬ የማያቸው ብዙ ቤተሰቦች ስለሚበሉትና ስለሚጠጡት ጥያቄ መጠየቅ እንደ ድፍረት ይቆጥሩታል። «ሐኪሙ ያውቃል፣ መንግሥት ያውቃል» ይላሉ። የጋንሱ እናቶችም እንዲሁ ይሉ ነበር። ስለዚህ በሥራዬ ካየሁት ጥቂት ነገር ላካፍላችሁ።

ልጅን ማጥባት የምትችል እናት ብታጠባ ከሁሉ ይሻላል፤ የማትችል ደግሞ አትፈር፣ ዱቄቱ በሚገባ ከተዘጋጀ ልጅ ያሳድጋል። ዱቄቱ ውድ ነው ብላችሁ ግን ውሃ አታብዙበት። በቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ልክ ቲፓት ሐላቭ ያለችው ነርስ በአማርኛ እንድታስረዳችሁ ጠይቁ፤ አስተርጓሚ መጠየቅ ነውር አይደለም፣ መብታችሁ ነው። ቆርቆሮው ሲከፈት በላዩ የታተመውን ቁጥር አትጣሉ፤ ዕቃ ከገበያ ሲሰበሰብ የሚጠራው በዚያ ቁጥር ነው። ሕፃኑ ያለ ምክንያት ቢፈዝ፣ ቢያስታውክ፣ ሽንቱ ቢለወጥ «ነገ ይሻለዋል» ብላችሁ አትቆዩ። ወጣቶች ሆይ፣ እናንተም ስለ ምግብ ማስጠንቀቂያ በዕብራይስጥ ስታነቡ በስልካችሁ አሳልፋችሁ አትለፉ፤ ለእናታችሁና ለጎረቤታችሁ በአማርኛ ንገሩ። ይህ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም የማላይ» ይሉ ነበር፤ ስለማይገኝ ሀብት ሲተርቱ ነው። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። ወተቱን በየቀኑ እናያለን፣ ላሟን ግን አናያትም። በጎንደር መንደሮቻችን ወተቱ በወይራ በታጠነ ዕቃ ሲታለብ ያየ ሰው አለቢቷንም ላሟንም ያውቃል፤ ውሃ ብትጨምርበት ጎረቤት ይሰማል። ዛሬ በላሟና በልጁ አፍ መካከል ባሕር፣ ባንክና ሦስት መንግሥት አለ። ወደ ድሮው መመለስ አንችልም፤ እንዲያም ብንል ድሮም ልጆች በየምክንያቱ ይሞቱብን ነበር። የምንችለው ያን የጎረቤት ዓይን ይዘን መቆየት ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ እማማን ሱፐር ውስጥ ሳገኛቸው መልሱን እነግራቸዋለሁ። «እማማ፣ ላሟ የእኛው ናት፣ ፋብሪካውን የገዙት ሻንጋይ ናቸው፣ ዓይኑ ግን የእርስዎ ነው፤ ቀኑን መጠየቅዎን አይተዉ» እላቸዋለሁ።

ቸር ያሰማን።